ገመዱን ያልሰጡት አቶ ኤርካሎ ባዳቾ

አቶ ኤርካሎ ባዳቾ ከአባታቸው ከአቶ ባዳቾና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋንታዬ፣ በወላይታ አውራጃ፣ ከሶዶ ወደ ሻንቶ በሚወስደው መንገድ ግርጌ ባለው በዚሁ ሰፈራችን በ1915 ዓ.ም. ተወለዱ። ወሩን የሚያውቅ የለም። እናታቸው «በቆሎ ሲፈለፈል ነው የወለድኩት» ሲሉ፣ አባታቸው «ኧረ ገና ሲዘራ ነው» እያሉ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ተከራክረውበታል። አቶ ኤርካሎ እንግዲህ የተወለዱት ክርክር ውስጥ ነው፤ ከዚያም ወዲህ ከክርክር የተለዩበትን ቀን እኔ አላስታውስም።

ወደ ታሪካቸው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስረዳ። ይህን የጻፍኩት በአጥር የምንዋሰነው ጎረቤታቸው ደገፉ ሀብተጊዮርጊስ ነኝ። ዘመድ ሊጽፈው የሚገባውን እኔ የጻፍኩት ሟቹ በሕይወት ሳሉ ስላዘዙኝ ነው። እኔ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ። ዳዊት ደግሜያለሁ፣ ትምህርት ቤትም እስከ አራተኛ ክፍል ተቀምጫለሁ፤ ከዚያ በላይ የለኝም። «እኔ ምን ዕውቀት አለኝና ነው?» ብላቸው፣ «አንተ ደብተራ፣ ለዕውቀትህ መች ፈለግኩህ። የእኛ ሰዎች ከጻፉት ያለሰልሱታል። አንተን ግን ሽማግሌዎቻችን ሊያግዱህ አይችሉም፤ ከእነሱ ማዕድ መቼ በልተህ ታውቃለህ!» አሉኝ። ደብተራ አለመሆኔን ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። አልሰሙኝም።

አቶ ኤርካሎ የወንጌል አማኝ ነበሩ፤ በጸሎት ቤታቸው ልማድ የሟቹን የሕይወት ታሪክ በለቅሶው ላይ የሚያነቡት የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ናቸው። ቤተ ሰብ የሰጣቸውንም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ያነባሉ። ሰብሳቢው ዛሬ አቶ ቶማ ናቸው። ስለዚህ «እኔ» የሚል ቃል በሰማችሁ ቁጥር ተናጋሪው ደገፉ ነው፤ ድምፁ ግን የአቶ ቶማ ነው። ስለ አቶ ቶማ የጻፍኩትንም አቶ ቶማ በራሳቸው አንደበት ይነግሯችኋል። ይህን ያሰቡት ሟቹ ናቸው። እኔ የለሁበትም።

አቶ ኤርካሎ ያደጉት ጎሜ በሚፈራበት ቤት ነው። የሩቅ ሰው ካለ፣ ጎሜ ማለት ሰው አንድ ክልክል ነገር ጥሶ በዚያ ሰበብ ቤቱ ላይ የሚወርደው መዓት ነው። ላም ብትሞት፣ እንሰት ቢጠወልግ፣ ልጅ ቢያተኩሰው የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ማን ምን አደረገ? አባታቸው አቶ ባዳቾ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ከጠንቋይ ጠንቋይ ሲሄዱ አንድ በሬና ሁለት ፍየል ጨርሰዋል። መልሱም ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ካለ አንድ ደካማ ሰው ላይ ያርፍ ነበር፤ ወይ ከአሮጊቷ አክስት፣ ወይ ገና ከመጣችው ምራት። «ጠንቋዩ አንድ ቀን እንኳ ጎሜው ያለው ከባለ መሬቱ ዘንድ ነው ሲል አልሰማሁም» ይሉ ነበር አቶ ኤርካሎ።

ትምህርታቸውን በተመለከተ፣ ፊደል የቆጠሩት ከጎልማሶች ጋር በጸሎት ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጠው ነው። ወደዚያ ቤት በ1936 ዓ.ም. የገቡበትን ምክንያት ለእኔ በአጥሩ ላይ ተደግፈው ነግረውኛል። አንድ ወንጌላዊ በሻንቶ ገበያ ቆሞ ሲያስተምር፣ ዕዳው ሁሉ ተከፍሏል፣ ከእንግዲህ የማንም ጎሜ አይፈለግም ሲል ሰሙት። «ሌላውን አልሰማሁም። ያቺን ብቻ ይዤ ገባሁ» አሉኝ። ከገቡ በኋላ ሌላውንም ሰሙ፤ ያላመኑበትን ጠየቁ፤ ሲመለስላቸውም መልሱን መልሰው ጠየቁ። መምህሩ ደክሞት በጸሎት እንዝጋ ሲል እሳቸው ገና እጃቸውን ያወጡ ነበር ይባላል።

በ1938 ዓ.ም. ወይዘሮ አሳየሽን አገቡ። ወይዘሮ አሳየሽ የሚናገሩት በጥቂቱ ነው፤ ከተናገሩ ደግሞ የሚጨመርበት የለም። ብዙ ተናጋሪ ባል እንዲህ ያለችውን ሚስት ማግኘቱን እኔ የእግዚአብሔርን ጥበብ ከምመለከትባቸው ነገሮች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ሥራቸው ጣውላ ስንጠቃ ነበር። የማያውቅ ካለ፣ ግንዱ ጉድጓድ ላይ ተጋድሞ በገመድ ይታሰራል። አንዱ ሰው ከላይ ይቆማል፣ አንዱ ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል፣ ረጅሙን መጋዝ ተቀባብለው ይስባሉ። ከላይ ያለው መስመሩን ያያል፤ ከታች ያለው ብናኙን ይበላል። ከላይ የሚቆሙት አቶ ቶማ ነበሩ። ከታች የሚወርዱት አቶ ኤርካሎ ነበሩ። ሁለቱ በአንድ ወር ነው ጸሎት ቤት የገቡት፣ በአንድ ጉድጓድም ነው የሠሩት። ብቻውን መጋዝ የሚስብ የለምና ተጣልተው እንኳ ተለያይተው አያውቁም። በዚህ ሰፈር የዝግባ በር ያለው ቤት ሁሉ በሩን ያገኘው ከእነሱ ነው። ጸሎት ቤቱ ውስጥ ያሉትን አግዳሚዎችም የሰነጠቁት እነሱ ናቸው። አንዱ አግዳሚ ያዘመመ ነው፤ አቶ ኤርካሎ በአቶ ቶማ ያሳብቡ ነበር፣ አቶ ቶማም በአቶ ኤርካሎ።

ከወይዘሮ አሳየሽ ጋር መጀመሪያ ዘነቡን፣ ቀጥሎ ሶርሳን ወለዱ። ዘነቡ ቀልጣፋ ነበረች፤ አጥሬን ዘላ ገብታ «ጋሼ ደገፉ፣ አባዬ ያቺን መጥረቢያ ስጠው ብሎሃል» ትለኝ ነበር። አባቷ ግን ያልላካት ጊዜም አለ። ሶርሳ ገና አፉን ሲፈታ ነበር።

በ1951 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ያ ወባ ገባ። ዕድሜያችሁ የፈቀደላችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከቆላ ወጥቶ ደጋውን ያዳረሰ፣ የቀባሪ እጅ ያሳጠረ ወባ ነበር። ዘነቡ በዚያ ሳምንት ሞተች። ሶርሳ እህቱ ከተቀበረች በኋላ ብዙም ሳይቆይ ተከተላት። ሁለቱም ከቤቱ ጓሮ፣ ከእንሰቱ ማዶ ጎን ለጎን ተቀበሩ።

አቶ ኤርካሎ በልጆቻቸው መቃብር ላይ ጮኸው አለቀሱ። አንድ የጸሎት ቤቱ ሰው ቀረብ ብሎ «ወንድሜ፣ አማኝ እንደ ተስፋ ቢስ አያለቅስም፤ ጌታ ለበጎ ነው የወሰዳቸው» አላቸው። አቶ ኤርካሎ ዕንባቸውን ሳይጠርጉ መለሱለት። «ጌታ በወዳጁ መቃብር ደጅ ቆሞ አለቀሰ። ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ። ለበጎ ነው አላለም። እኔ ከጌታዬ በላይ አልጠነክርም።» ይህን እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አካፋ ይዤ አጠገባቸው ነበርኩ።

አሁን የምጽፈው ለዚህ ሁሉ ታሪክ መነሻ የሆነውን ነገር ነው። ሶርሳ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ባለበት፣ ሽማግሌዎቹ ሊጸልዩ መጡ። ከመጸለያቸው በፊት ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ወይዘሮ አሳየሽ ዞር ብሎ «እህቴ፣ ምን ደብቀሻል? ተናዘዢና የቀረው ቤትሽ ይዳን» ብሎ ጠየቃቸው። ወይዘሮ አሳየሽ ልጅ ታምሞ ሳለ እናታቸው ቤት ደርሰው መመለሳቸውን ሰው አይቷል። እዚያ ጠንቋይ አስጠይቀዋል ተብሎ ተወርቷል። የሄዱት ወተት ፍለጋ ነበር። ወይዘሮ አሳየሽ ግን ይህን አልተናገሩም። ጥያቄውን እስኪጨርስ ሰሙት፤ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ጎተቱ።

የተናገሩት አቶ ኤርካሎ ናቸው። «ከአባቴ ቤት የሸሸሁት ከዚህ ጥያቄ ነበር። ቀድማችሁኝ እዚህ አስገብታችሁታል። ስሙን ለውጣችሁ፣ ኮት አልብሳችሁ አስቀምጣችሁታል። ልጆቼን የገደለ ወባ ነው። ከዚህ ቤት ማንም ለማንም አይናዘዝም።»

ሽማግሌዎቹ መክረው፣ አቶ ኤርካሎ ኃጢአታቸውን እስኪናዘዙ ድረስ ከጌታ እራት እንዲታገዱ ወሰኑ። ወይዘሮ አሳየሽን ማገድ አላስፈለጋቸውም፤ መንደሩ አገዳቸው። ከዚያ ወዲህ ሴቶች በወንዝ መንገድ ላይ ሲያገኟቸው እንስራቸውን እያስተካከሉ አለፏቸው። ነፍሰ ጡር ሴት ከእጃቸው ነገር አልቀበልም ያለችበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያደረገች የጸሎት ቤት ልጅም አለች፣ የማርያም ልጅም አለች፤ በዚህ ጉዳይ ሁላችንም አንድ እምነት ነበረን።

ሰው እንዲህ ሲደረግበት ወይ ቤቱን ይለውጣል ወይ እምነቱን። እኔ ራሴ «ጋሼ ኤርካሎ፣ ወደ እኛ ይምጡ፤ ቢያንስ ጠበል አለን» ብያቸው ነበር። «እናንተ ጋ ደግሞ ቡና መጠጣቴን ብቻ ሳይሆን መቼ እንደበላሁም ትጠይቁኛላችሁ» አሉኝ። በየእሑዱ ጸሎት ቤት ይሄዱ ነበር። ከበሩ አጠገብ፣ ያቺ ያዘመመች አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። እንጀራውና ጽዋው ሲዞር ያልፋቸዋል። አይወጡም፤ አንገታቸውንም አይደፉም። ቀጥ ብለው ሲያልፍ ያዩታል። መዝሙር ሲሆን ደግሞ ከሁሉ በላይ ይጮሃሉ፤ ዜማው የማን እንደሆነ ግን እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል። ከአጥሬ ማዶ ለዓመታት ስለሰማሁት ይህን የመናገር መብት አለኝ።

እዚህ ላይ ስለ ሃይማኖታቸው የማውቀውን ልጻፍ፤ አደራ ያሉኝ ይህን ነውና። አንድ ቀን አጥር ስናጥር «ጋሼ፣ እሺ፣ በኃጢአት ካልሆነ ታዲያ ለምን ሞቱ? እግዚአብሔር ለምን ዝም አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ክርክር የሚወዱ ሰው ናቸውና ረጅም ነገር ጠበቅኩ። «አላውቅም» አሉኝ። ችንካሩን መትተው ጨረሱና «አየህ ደገፉ፣ አላውቅም ለማለት እምነት ይጠይቃል። እምነቱ ያነሰው ሰው ነው ቶሎ ምክንያት የሚያገኘው። ክፉውን ነገር ልክ ካላደረገው እግዚአብሔር የሚወድቅበት ይመስለዋል። የእኔ እግዚአብሔር ድጋፍ አይፈልግም። ክፉውን ክፉ ብዬ ብጠራው አይወድቅም» አሉ።

በሌላ ጊዜ ደግሞ በትምህርት ቤቱ የሚያስተምሩት መምህር ገብረአማኑኤል መጡ። ወጣት ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ብዙ አንብበው የመጡ ናቸው። ሽማግሌዎቹ አቶ ኤርካሎን ማገዳቸውን ሰምተው ወገን ያገኙ መስሏቸው ነበር። «አቶ ኤርካሎ፣ እርስዎ ግማሽ መንገድ ሄደዋል» አሏቸው። «ሕፃናት እንዲህ የሚረግፉበት ዓለም ፈጣሪ የለውም። ይህን ይበሉና ይረፉ።»

አቶ ኤርካሎ መጋዝ ሲስሉ ነበር። «መምህር፣ ልጆቼ በመሞታቸው እርስዎ ተናደዋል?»

«አዎ፣ እናደዳለሁ እንጂ።»

«በማን?»

መምህር «በማንም፤ እንዲሁ ነው» አሉ።

«እኔ የምናደድበት አለኝ» አሉ አቶ ኤርካሎ። «ይሰማኛልም። ከአሳየሽ ጋር ስንጣላ ቤቱን ጥዬ አልወጣም። እዚያው ሆኜ ነው የምጣላው። ቤት የሌለው ሰው ከማን ጋር ይጣላል? በአየር ላይ ይጮኻል። እርስዎ ንዴቴን ሊያሳርፉልኝ መጡ፤ እኔ ግን ማረፍ አልፈልግም። ልጆቼ ንዴት ይገባቸዋል። ንዴቴም ባለቤት ይገባዋል።» መምህር ገብረአማኑኤል አልተረቱም፤ አቶ ኤርካሎም አልተረቱም። ከዚያ በኋላ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ይከራከሩ ነበር። ይህን ጽሑፍ በትምህርት ቤቱ የጽሕፈት መኪና የተየቡትና በስቴንስል ያባዙት እሳቸው ናቸው። የፊደል ግድፈት ካገኛችሁ የእሳቸው ነው።

የወባ መድኃኒት ረጪዎች ወደ ሰፈራችን የመጡ ጊዜ ብዙ ሰው በሩን ዘግቶ ነበር። ግማሹ መድኃኒቱ ዶሮ ይገድላል አለ፤ ግማሹ የእግዚአብሔርን በትር በፓምፕ መመለስ ድፍረት ነው አለ። አቶ ኤርካሎ ቤታቸውን አስቀድመው አስረጩና፣ ረጪዎቹን እየመሩ ከደጅ ደጅ ዞሩ። «በትሩ የእግዚአብሔር ከሆነ ይህች ፓምፕ አትመልሰውም፤ አትፍሩ። ከመለሰችው ግን የእሱ አልነበረማ! እስቲ በር ክፈቱና እንየው» እያሉ። ቤቴን ያስረጨሁት ከሃይማኖት የተነሣ እንዳይመስላችሁ፤ ስለነዘነዙኝ ነው። በዚያ ዓመት በሰፈራችን በወባ የተቀበረ ልጅ አልነበረም።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከአቶ ቶማ ጋር መሰንጠቁን አላቆሙም። እሑድ ጽዋው ሲያልፋቸው አዘዋዋሪው አቶ ቶማ ናቸው፤ ሰኞ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው መጋዙን ይስባሉ። ሰው ይገርመው ነበር። እኔንም ገርሞኝ ጉድጓዱ ዳር ተቀምጬ አዳምጫቸዋለሁ። መጋዙ ሲወጣ አንዱ ይናገራል፣ ሲወርድ ሌላው ይመልሳል።

«እልኸኛ ነህ፣ ኤርካሎ።»

«መስመሩን ተመልከት፣ ቶማ።»

«አንዲት ቃል ብትናዘዝ ይለቁህ ነበር።»

«ለአሳየሽ አንዲት ቃል ብትመልሱላት እኔም ዝም እል ነበር።»

«እግዚአብሔር ሁሉን ከላይ ያያል። ምክንያት አለው።»

ከጉድጓዱ ውስጥ ሳል ተሰማ። ከዚያ አቶ ኤርካሎ እንዲህ አሉ፤ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። «ምክንያት የሚናገር ሰው ሁሉ ከላይ የቆመ ነው። እዚህ ታች ማንም ምክንያት ሲናገር ሰምቼ አላውቅም፤ አፍ ስትከፍት ብናኝ ይገባል። እኔ የማምነው ከላይ ቆሞ መስመር የሚያየውን ብቻ አይደለም። ወደ ጉድጓዱ የወረደውን ነው። ወርዶ ብናኙን በላ። ለዚህ ነው ያልተውኩት። ሳብ።»

በ1959 ዓ.ም. ሳል ሲጸናባቸው አቶ ቶማ «ዛሬ እኔ ልውረድ፣ አንተ ከላይ ሁን» አሏቸው። አቶ ኤርካሎ ከላይ ቆሙ። መስመር መጠበቅ አልለመዱምና ያን ቀን የወጣው ጣውላ ለአህያ በረት እንጂ ለሌላ አልሆነም። አቶ ቶማ ማታ ከጉድጓዱ ሲወጡ ዐይናቸው ደም መስሎ፣ ጢማቸው ዱቄት መስሎ ነበር። ግንዱ ላይ ተቀምጠው ብዙ ጊዜ አፋቸውን ጠረጉ። ከዚያም «ኤርካሎ፣ ያ ጥያቄ ልክ አልነበረም» አሉ።

ስንት ዓመት የጠበቁት ቃል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱ ላይ ይጠመጠም ነበር። አቶ ኤርካሎ ግን «ለእኔ አይደለም የምትነግረው» አሉ። «በሰው ፊት ተጠየቀች፤ በሰው ፊት ይመለስላት። በጆሮ የተመለሰ ነገር ከመንደሩ ጆሮ አይደርስም።» አቶ ቶማ መጋዙን ተሸክመው ሄዱ። የጸሎት ቤት ሰብሳቢ በአደባባይ ተሳስተን ነበር ቢል ሌላው ውሳኔ ሁሉ ምን ይሆናል ብለው ሳይፈሩ አልቀሩም።

ባለፈው ዓመት የአቶ ኤርካሎ ደረት ከሥራ አገዳቸው። በዱቦ ሚሲዮን ሐኪም ቤት ታይተዋል፤ ሳንባቸውን የጎዳው የዘመናት የጣውላ ብናኝ መሆኑ ተነገራቸው። ቀላል መድኃኒት ይዘው ተመለሱ። ወሬኛውን ለማሳረፍ ነው ይህን በግልጽ የምጽፈው፤ የሞቱት በብናኝ ነው።

አልጋ ላይ ሳሉ ሽማግሌዎቹ መጡ። በደግነት ነው የመጡት፤ ታግዶ እንዳይሞት ፈልገው። «ወንድማችን፣ አንዲት ትሁን፣ ትንሽ ትሁን፣ ተናዘዝና የጌታን እራት እዚሁ እናቅርብልህ» አሏቸው። አቶ ኤርካሎ ትራሳቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ይናዘዙ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። የቶማን ሞረድ ተበድሬ አልመለስኩም አሉ። የደገፉን አጥር በየዓመቱ አንድ ስንዝር ወደ እሱ ገፍቻለሁ አሉ፤ ይህን ያን ቀን መስማቴ ነው። ስብከት ሲረዝም ተኝቻለሁ፣ የተኛሁትም ስብከቱን የሰበከው ከእናንተ ማንኛው እንደሆነ እያወቅኩ ነው አሉ። ሽማግሌን ጠልቻለሁ፣ ወንድሜን በልቤ ሰድቤያለሁ፣ እግዚአብሔርንም ጓሮ ሄጄ የማይባል ነገር ብየዋለሁ አሉ። እዚህ ላይ ከአቶ ኤርካሎ ፊት ሳቁ ጠፋ።

«ይኸው ኃጢአቴ» አሉ። «ብዙ ነው። በአንድ እጄ ይዤዋለሁ። በሌላው እጄ የዘነቡንና የሶርሳን ሞት ይዤአለሁ። እናንተ ዘመኑን ሁሉ የምትጠይቁኝ ሁለቱን የሚያስር ገመድ ነው። እኔ ገመድ አስሬ ነው የኖርኩት፤ ግንድ የማይይዝ ቋጠሮ አውቃለሁ። ከእኔ ገመድ አታገኙም። ከአሳየሽም አታገኙም። እሷን በሰው ፊት የጠየቃችሁትን በሰው ፊት መልሱላትና የዚያን ቀን እኔን አቁርቡኝ። ካልሆነ ግን ታግጄ ልሂድ። ወዲያ ያለው ጌታ ያገደኝ እሱ አለመሆኑን ያውቃል።»

ሽማግሌዎቹ «እንመካከርበታለን» ብለው ወጡ። ሲመካከሩ አቶ ኤርካሎ ባዳቾ ጥር 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በ46 ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ ወይዘሮ አሳየሽ አጠገባቸው ተቀምጠው አረፉ። የጌታን እራት ሳይቀበሉ አረፉ።

ሽማግሌዎቹ ከጸሎት ቤቱ ግቢ የመቃብር ቦታ ሰጥተው ነበር። ለዚህ እናመሰግናለን። ነገር ግን ሟቹ በቃላቸው እንዳዘዙት የሚቀበሩት ከልጆቻቸው ጎን፣ ከእንሰቱ ማዶ ነው። ቦታው አንድ ስንዝር ወደ እኔ ይገባል፤ ይሁን ብያለሁ። ሌላው ትእዛዛቸው፣ ማልቀስ የፈለገ ሰው እንዲያለቅስ ነው። ለበጎ ነው ብሎ ሊያጽናና የመጣ ካለ እኔ ዘንድ ይምጣ፤ ከአጥሩ ማዶ ነኝ፣ እንነጋገራለን።

ይህን ጽሑፍ ጨርሼ እንደ ልማዱ ለአቶ ቶማ ወሰድኩላቸው። ሲጣሉኝ ልመልስ የምችለውን ሁሉ በመንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡት። «ረዝሟል» አሉኝ። ቀጥለውም «በዚያ በለቅሶው ቀን ላይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ብለህ ጽፈሃል። ስሙን ለምን አልጻፍክም?» አሉኝ። ወይዘሮ አሳየሽ አትጻፈው ስላሉኝ ነው አልኳቸው። ከዚያ «እንግዲያው እዚያ ያለውን ተወው። መጨረሻው ላይ ለእኔ ቦታ ተውልኝ» ብለው ብዕሬን ተቀበሉኝ። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ቃላት በእጃቸው የተጻፉ ናቸው፤ መምህር ገብረአማኑኤልም እንዳሉ ተይበዋቸዋል። እስካሁን «እኔ» ሲባል ደገፉ ነበር። አሁን ግን አይደለም።

«በ1951 ዓ.ም. በዚህ ደጅ፣ ለቅሶ ላይ፣ ወይዘሮ አሳየሽን ምን ደብቀሻል ብሎ የጠየቀ እኔ ቶማ ነኝ። ጥያቄው ሐሰት ነበር። እሷ የደበቀችው ነገር አልነበረም። ወተት ፍለጋ ነበር የሄደችው። ልጆቹን የገደለ ወባ ነው። በሰው ፊት የጠየቅኩትን በሰው ፊት መልሻለሁ። ኤርካሎን ያገድነው በስህተት ነው። እኔ ከላይ ቆሜ ነበር።»

እኔ ደገፉ ተመልሻለሁ፤ አቶ ቶማ ሲያነቡ እዚህ ላይ ድምፃቸው ቢቆም ጠብቋቸው። ቸኩሎ የሚሄድ ካለ ይሂድ፤ ወይዘሮ አሳየሽ ከዚህ የበለጠ ጠብቀዋል።

አቶ ኤርካሎ ባዳቾ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አሳየሽን፣ ከዚያ ከወባው ዘመን በኋላ የተወለዱትን ሴት ልጆቻቸውን ትርፌንና አስካለችን፣ አንድ መጋዝና ያልተመለሰ የአቶ ቶማን ሞረድ ትተው አልፈዋል። ዘነቡና ሶርሳ ቀድመዋቸዋል።

አቤቱ፣ ወደ ጉድጓዱ የወረድክ ጌታ ሆይ፣ ባሪያህን ኤርካሎን ተቀበለው። ብናኙን ከዐይኑ ጥረግለት። እዚህ ያለፈውን ማዕድ እዚያ አታሳልፍበት፤ ከልጆቹ መካከል አስቀምጠው። መዝሙር ሲጮህ ታገሠው። ጥያቄም ይዞ ነው የሚመጣው፤ ጊዜ ወስደህ ስማው። አሜን።